ከአፏ አትቀሟት

1

ባጃጁ ተገልብጧል። ሾፌሩ እግሩን እየጎተተ ወጥቷል። እህቴ ረውዳ አልወጣችም።

ኮምቦልቻ፣ ወደ መናኸሪያው የሚያወርደው መንገድ ላይ ነው። ዝናብ ጥሎ አስፋልቱ ያንሸራትት ነበር። ረውዳ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ስታወራ ደፍሮ መሐል የሚገባባት ሰው አልነበረም።

2

ደሴ ወስደው ጭንቅላቷን ቀዶ ሕክምና አደረጉላት። ስትነቃ እማዬን አየቻት፤ አባባን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ሁላችንንም አውቃናለች፣ ዓይኗ ይናገራል። አፏን ከፈተች።

«ማንኪያ» አለች።

እማዬ እያለቀሰች ማንኪያ ፍለጋ ሮጠች።

ረውዳ የፈለገችው ማንኪያ አልነበረም።

3

ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ አስረዳን። ሐሳቧ ደህና ነው፤ ቃላቱም አልጠፉም። የተጎዳው ከሐሳቡ ወደ ቃሉ የሚወስደው መንገድ ነው።

«ራሷ ስትመላለስበት ነው የሚቀናው» አለ። «ቃል ሲጠፋት ጠብቋት። ቀድማችሁ ከተናገራችሁላት መንገዱ ሣር ይበቅልበታል።»

አባባ «እንጠብቃለን» አለ።

እማዬም «እንጠብቃለን» አለች።

እማዬ መጠበቅ አትችልም።

4

ቤት የገባን ሰሞን ነው። እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ። ባዶው ቦታ የረውዳ ነው፤ አንባቢ ሆይ፣ ዘለህ አትለፈው።

ረውዳ፦ እማዬ፣ እስቲ ያንን          

እማዬ፦ ውሃ?

ረውዳ፦ አይ። ያንን          

እማዬ፦ ጋቢ! በርዶሽ ነው እኮ። ኑረዲን፣ ጋቢ አምጣላት!

ረውዳ፦ አይደለም! ያ          

እማዬ፦ መድኃኒት? ራስሽን አመመሽ? ንገሪኝ እንጂ የኔ ልጅ!

ኑረዲን እኔ ነኝ። ጋቢውን ይዤ ስመለስ ረውዳ የሻይ ብርጭቆውን አንስታ ከግድግዳው አላተመችው። በግራ እጇ ነው፤ ቀኙ ገና አልታዘዛትም። ከዚያ ከአደጋው ወዲህ የመጀመሪያውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረች።

«እማዬ፣ አፌን መልሽልኝ።»

5

ሬዲዮኑ ብቻውን ያወራል።

6

እማዬ ጓሮ ወጣች። አባባ ተከተላት። በመስኮቱ ይሰማኛል።

«ወላሂ ልረዳት ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ዘምዘም።»

«ስትቸገር ማየት አቃተኝ! እማ በይ፣ አባ በይ እያልኩ መናገር ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

«ያኔ ስትኮላተፍ ትጠብቂያት አልነበር?»

እማዬ ገብታ ስብርባሪውን ጠረገች። ከዚያ ረውዳ ፊት ቁጭ አለች።

«በይ። ምን ነበር ያልሽኝ?»

ረውዳ መፈለግ ጀመረች። ግንባሯን ላብ አጠመቀው። እማዬ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ ትጠቀልላለች። ሁለቴ አፏን ከፍታ ሁለቴ ዘጋችው።

 

 

 

«ሬዲዮኑን ዝጊው» አለች ረውዳ።

ለካ የረበሻት ጩኸቱ ኖሯል! እማዬ ተነስታ ዘጋችው። ሁለቱ ሳቁ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

7

ከዚያ ወዲህ እማዬ በር ላይ ዘብ ቆመች። እንግዳ ጫማውን ሳያወልቅ ይነገረዋል፦ «ልጄ ስታወራ ከአፏ የቀማ ሻይ አያገኝም።» አክስታችን ለይላ ቀማች፤ ሻይ ሳትጠጣ ሄደች።

ጠዋት ጠዋት ረውዳ ከአባባ ጋር ቦርከና ወንዝ ድረስ እየሄደች፣ ያየችውን ሁሉ በስሙ ትጠራለች። ድልድዩን በግ ያለችበት ቀን አለ። ጭራሽ ከአልጋ አልነሳም ያለችበትም ቀን አለ።

«አብሽሪ» ይላታል አባባ።

«አንተ አብሽር!» ትለዋለች። ይህ ቃል ሲመጣላት ፈጣን ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ወራት አሉ። ሁሉንም ብጽፈው ድልድይ፣ በግ፣ ድልድይ፣ በግ፣ ድልድይ ይሆንባችኋል። በመጨረሻ ድልድይ ላይ ጸናች።

8

ርዕሰ መምህሩ አቶ እንድሪስ ሊጠይቃት መጣ። ሻዩን በሰላም ጠጣ።

«ክረምቱ ሳይገባ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሪና እንየው» አላት። «ካልሆነም ቤተ መጻሕፍቱ አለልሽ። ማንም ምንም አይልሽም።»

«አስተምራለሁ።»

ምንም ባዶ ቦታ አልነበረውም።

9

የኋለኛው ዴስክ ላይ ተደርድረናል፦ አባባ፣ እማዬ፣ እኔ፣ አቶ እንድሪስ። ረውዳ ጠመኔውን በግራ እጇ ይዛ ወንዞቹን ሣለች። መስመሯ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ወንዝስ መቼ ቀጥ ብሎ ሄዶ ያውቃል?

«የኛ ቦርከና አዋሽ ይገባል። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም። የሚያልቀው          »

ቆመች። ዴስኮች ተንቋቁ። ከፊት አንዷ ተማሪ «በረ…» ብላ ጀመረች።

«እሽሽ!» አለች እማዬ ከኋላ።

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። ረውዳ ግን አልደነገጠችም።

«እንደምታውቁት አውቃለሁ» አለቻቸው። «እኔም አውቀዋለሁ። እየመጣ ነው።»

 

 

 

«በረሃ ውስጥ» አለች። ዞራ ጻፈችው። ደወሉ እስኪደወል አስተማረች፤ ሦስት ቦታ ቆመች፤ ሦስቱንም ጊዜ ማንም ትንፍሽ አላለም።

10

ተማሪዎቹ ወጡ። አቶ እንድሪስ ተነስቶ ወደ ሰሌዳው ሄደ።

«እኔ ያየሁትን አይቻለሁ» አላት። «ክፍሉም ቤተ መጻሕፍቱም ይጠብቁሻል፤ ምርጫው ያንቺ ነው። የቱን ትይዣለሽ?»

አባባ ወደ መሬት አየ። እኔ መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እማዬ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ጀርባዋን አቅንታ፣ ልጇን እያየች ተቀመጠች። ከንፈሯ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«እኔ» አለች ረውዳ።

ጠበቅን።

«እኔ፣ መስከረም ላይ          »

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ጠብቃት።