ሚዜ የተማረችው

አማቴ ጡረታ የወጡት ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ነው። ትምህርት ቤቱ ለመሸኛ የሰጣቸውን ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ወረወሩት፤ ፊሽካውን ግን ይዘውት ይተኛሉ። የስፖርት መምህር ነበሩ። ሰፈሩ በሌሉበት «ጋሽ ፊሽካ» ይላቸዋል፤ ፊት ለፊት ሲያገኛቸው ደግሞ «መምህር» ብሎ ጎንበስ ይላል። እኔ ልጃቸውን አግብቼ እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ «አባባ» ነው የምላቸው። በልቤ የምላቸውን ሆድ ይፍጀው።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ጠባብ ረጅም ኮሪደር አለው፤ በአንደኛው ጫፍ የመውጫው በር፣ በሌላኛው ጫፍ የባሌ ታላቅ እህት ክፍል፣ መሃል ላይ ወጥ ቤቱና የእኛ ክፍሎች። ባሌ የረጅም መንገድ ሾፌር ስለሆነ ለቤቱ እንግዳ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የምንኖረው አማቴ፣ እኔ፣ ጡት የምትጠባው ልጄና የባሌ እህት ነበርን። የባሌን እህት እትዬ ነው የምላት። ልብስ ሰፊ ናት። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚለብሰው ዩኒፎርም በእሷ እጅ ያለፈ ነው። ባል አላገባችም፣ ልጅም አልወለደችም፤ አማቴ ደግሞ ይህን ምሳ ላይ ካላነሱባት እህል አይወርድላቸውም።

እትዬ አንዲት ድመት አለቻት። አመድማ ናት፤ ትንሽዬ፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ። ስሟ ሚዜ ነው። «መቼ ነው የምታገቢው?» ብሎ ለሚነዘንዛት ሁሉ «ሚዜዬን ይዣለሁ፣ የቀረው ሙሽራው ነው» እያለች አፉን ታስይዘዋለች። እትዬ ስትሰፋ ሚዜ ከእግሯ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተጠቅልላ ትተኛለች። «ውሮ ውሮ» ብላ ከጠራቻት የትም ብትሆን ከተፍ ትላለች። እትዬ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የሰማኋት ከዚያች ድመት ጋር ስትሆን ብቻ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ከሚዜ በቀር የሚወዳት አልነበረም። እኔም ብሆን አዝንላት ነበር እንጂ እወዳት ነበር ብዬ አልዋሽም።

ከዕለታት አንድ ቀን ከፊታችን ባለው ሕንፃ ላይ እሳት ተነሳና አንድ ቤት ከነዕቃው ነደደ። ሰው አልተጎዳም። አማቴ ግን ሥራ አገኙ። ከሬዲዮም ከጋዜጣም ለቃቅመው መጡና ምሳ ላይ አስተማሩን። እሳት ሲነሳ ዕቃ ልሰብስብ አይባልም። የወጣ ሰው በሩን ከኋላው ይዘጋል፤ እሳቱ አየር እንዳያገኝ። አንዴ የወጣ አይመለስም። ትንንሽ የቤት እንስሳ ደግሞ ደንግጦ ስለሚደበቅ ቀድሞ በሣጥን ወይም በከረጢት ይያዛል፤ ለዚህም አስቀድሞ ማለማመድ ያስፈልጋል። ልብ በሉ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ልክነታቸው ነው።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ልምምድ ተጀመረ። ፊሽካው ሲነፋ እኔ ልጄን፣ እትዬ ሚዜን ይዘን ደረጃው ላይ መሰለፍ ነው። አማቴ ለሚዜ ብለው ከትምህርት ቤት ያመጡትን የኳስ መያዣ ከረጢት አውጥተዋል፤ ወፍራም ሸራ ነው፣ አፉ በገመድ ይታሰራል። የመጀመሪያው ቀን ማሳየት አለብኝ ብለው ራሳቸው ያዟት። ተኝታ ነበር። ጆሮዋ ሥር ፊሽካውን ነፉና ማጅራቷን አፈፍ አድርገው ከረጢቱ ውስጥ ወረወሯት። ውስጥ ሆና የጮኸችው ጩኸት ልጄን አስለቀሳት።

«ይኼው፣ ይኸን ያህል ነው» አሉ እጃቸውን እያራገፉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚዜ እጃቸውን ቧጨረቻቸው። በዚያው ጥርሳቸው ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲያ ፊሽካው ገና «ፊ» ሲል ሚዜ የለችም። እትዬ ክፍል ውስጥ በቁም ሣጥኑና በግድግዳው መሃል የሰው እጅ እስከ ውስጥ የማይደርስበት ጠባብ ክፍተት አለ፤ እዚያ ትወሸቃለች። አማቴ በመወልወያ እንጨት እየጎረጎሩ ያወጧታል፤ ከዚያ «ድገሚ!» ይሏታል እትዬን፣ እንደ ተማሪ። እትዬ ትደግማለች። አንድ ቅዳሜ ሚዜ ፈርታ ከረጢቱ ውስጥ እስክትሸና ድረስ አስደገሟት። የእትዬ እጅ በጥፍር ተቦጫጭሮ ስለነበር ማታ የሰው ነጭ ሸሚዝ ላይ ደም አንጠባጥባ እያለቀሰች ስታጥብ አየኋት።

«አባባ፣ ፊሽካውን ይተዉት» አለች በማግስቱ። «እኔ ስጠራት ትመጣለች። በጨርቅ ጠቅልዬ ይዣት እወጣለሁ።»

«ቤት እየነደደ እሹሩሩ ልትያት ነው?»

«የፈራችው እኮ ፊሽካውንና ከረጢቱን ነው።»

«ትፍራዋ! የፈራ ይማራል። ስንቱን ደንባራ ልጅ ሰልፍ ያስያዝኩ ሰው አንዲት ድመት ታቅተኛለች?»

እኔም አላስችል ብሎኝ ገባሁበት። «አባባ፣ የምትማረው መውጣቱን ሳይሆን መደበቁን ነው እኮ።»

«አንቺ ልጅሽን አጥቢ» አሉኝ።

አጠባሁ። ምን ላድርግ?

እሳቱ የተነሳው በሥራ ቀን፣ ረፋድ ላይ ነው። ከፍሪጁ ጀርባ ያለው ሶኬት ከዱሮም ይሞቅ ነበር፤ ያን ቀን ለየለት። ልጄን አቅፌ ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ። መጀመሪያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። በሩን ከፈት ሳደርግ ጥቁር ጭስ ከወጥ ቤቱ በር አናት ላይ እየተጥመለመለ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ጮህኩ። ለእውነት ከሆነ አማቴ የዚያን ዕለት እንደ ወጣት ነበር የሚሯሯጡት፤ ቆጣሪውን አጠፉ፣ እሳት አደጋ ደወሉ፣ እኔን ከነልጄ እየገፉ አስወጡኝ። ይህን አልነፍጋቸውም። ደረጃው ላይ ሆኜ ዞር ስል እሳቸውም ወጥተው በሩን በአንድ እጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ እትዬን እየጠበቁ።

እትዬ መጣች። አትሮጥም። ጎንበስ ብላ፣ ጭሱን ከራሷ በላይ አድርጋ፣ ግድግዳውን በትከሻዋ እየታከከች ነው የምትመጣው። ደረቷ ላይ ግማሹ ተሰፍቶ ግማሹ የቀረ የተማሪ ቀሚስ ታቅፋለች፤ ከቀሚሱ ውስጥ የሚዜ ጭራ ወጥቶ ይታየኛል። የድመቷን ጭንቅላት ብብቷ ሥር ሸጉጣዋለች። «ውሮ ውሮ፣ ውሮዬ፣ አይዞሽ» ትላታለች። ድመቷ ጭጭ ብላለች። ከረጢት የለም፣ ትግል የለም፣ ደም የለም። እትዬ እንዳለችው ጠራቻት፣ መጣች፣ ጠቀለለቻት፣ ይዛት እየወጣች ነው። እጇን ብትዘረጋ የበሩን መቃን ትነካ ነበር።

አማቴ ፊሽካውን ነፉ።

ለምን እንደነፉት በኋላ ተጠይቀው «ጎረቤት እንዲነቃ» ብለዋል። ሊሆን ይችላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ያለ እሳቸው ፊሽካ መውጣቷ ነው ያናደዳቸው። በሙሉ ሳንባቸው ነፉት፤ ደረጃው ሁሉ አስተጋባ። ሚዜ ከቀሚሱ ውስጥ እንደ ፈላ ዘይት ተፈናጠረች። የእትዬን አንገት ከአገጯ ጀምራ በጥፍሯ ሰነጠቀችው፤ ዱብ ብላ ወረደችና በመጣችበት ኮሪደር ወደ ጭሱ ተመልሳ ገባች። ወዴት እንደሄደች ሁላችንም እናውቃለን።

እትዬ ዞረች። አማቴ ግን የቀሚሷን ወገብ ከኋላ ይዘው ጎትተው አወጧት፤ በሩን ድርግም አድርገው ዘጉና ጀርባቸውን ሰጥተውት እግራቸውን አንፈራጠው ቆሙ።

«አንዴ የወጣ አይመለስም!»

«አባባ፣ በእማማ አጥንት ይዤዎታለሁ! ያለችበትን አውቀዋለሁ፤ ደርሼ እመጣለሁ!»

«በር ከተከፈተ እሳቱ አየር ያገኛል። ሕፃን አለች እዚህ፤ አይታይሽም?»

ወደ እኔ ልጅ ጠቆሙ። ምን ልበል? ልክ ናቸው። ልጄ ደረቴ ላይ ትንፈራገጣለች፣ በበሩ ሥር ክር የመሰለ ጭስ ይወጣል፣ እትዬ የአባቷን እጅ ትስማለች። እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነቻቸው። ከዚያ ደግሞ ልመናው ሲያልቅባት ቅልጥማቸውን በቡጢ ትደበድብ ጀመር። ፍንክች አላሉም። ሲበዛባት ወለሉ ላይ በሆዷ ተኛችና አፏን በበሩ ሥር ባለችው ክፍተት ላይ አድርጋ መጣራት ጀመረች። «ሚዜ! ውሮ ውሮ! ውሮዬ፣ ነይ!» ጭሱ እያሳላት፣ ከአንገቷ የሚወርደው ደም የሸክላውን ወለል እያጨማለቀው።

ከላይ ያሉ ጎረቤቶች ትራሳቸውንም ልጆቻቸውንም ታቅፈው መውረድ ጀምረዋል። በዚያ ሁሉ ትርምስ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ከበሩ ወዲያ፣ ከታች፣ ጭረት ነው። ትንሽ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጭራል።

እትዬ ከወለሉ ቀና አለች። ፊቷ በርቷል፤ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«መጣች! አባባ፣ መጣች! እዚሁ በሩ ሥር ናት! ትንሽ ገርበብ ያድርጉት፣ እጄን ብቻ ላስገባ!»

«እንጨቱ ነው» አሉ አማቴ። «እንጨት ሲግል ይንቋቋል።»

«ጥፍሯ ነው እኮ! ይስሙ!»

«እንጨት ነው አልኩሽ!»

ይህን ብለው ወደ ላይኛው ደረጃ አንጋጠው ፊሽካውን ደጋግመው ነፉት፤ የቀሩት ጎረቤቶች ቶሎ እንዲወርዱ። ጭረቱ ቀጥ አለ። አሁንስ ተመልሳ ገብታ ተወሸቀች አልኩ በልቤ። ሚዜ ግን አልሄደችም። ትንሽ ቆይታ እንደገና ጫረች። ፊሽካው አናቷ ላይ እየጮኸ፣ ይህን ያህል የምትጠላው ድምፅ ከበሩ ወዲህ ቆሞ እየጠበቃት፣ እሷ ወደ እትዬ ድምፅ ለመድረስ በሩን ትጭራለች። እትዬ መዳፏን በሩ ላይ ለጥፋ «አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ» ትላለች። ጭረቱ እየቀጠነ ሄደ። ከዚያ ተወች። እትዬ ግን «አለሁ» ማለቷን አላቋረጠችም፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደረጃውን እየሮጡ ወጥተው ከወለሉ ላይ በብብቷ እስኪያነሷት ድረስ።

እሳቱን ለማጥፋት ብዙም አልቆዩም። ከወጥ ቤቱ አልወጣም ነበር። ፍሪጁ፣ የወጥ ቤቱ ዕቃ መደርደሪያና ጣሪያው ነው የነደደው። የእትዬ ክፍል ምንም አልሆነም፤ የቆረጠችው ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው፣ ጭስ ጭስ ከመሽተቱ በቀር። ኮሪደሩም አልተቃጠለም። ጭስ ብቻ ነበር የሞላው።

ጭንብሉን ወደ ግንባሩ የገፋ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ብቅ አለ። ሚዜን በሁለት እጁ ይዟታል። ፀጉሯ አንድም ቦታ አልተለበለበም፤ የተኛች ነው የምትመስለው። የፊት ጥፍሮቿ ላይ ግን የበሩ ቀለም ተጣብቋል።

«በሩን ስንገፋው ከበደን» አለ፤ ለማን እንደሚሰጣት ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። «ልክ ከሥሩ ነበረች።»

እትዬ ሽርጧን ዘረጋችለት። እንደ ተቀበለቻት ጠቀለለቻትና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ከላይኛው ፎቅ የወረዱ አንዲት አሮጊት በዚያ መሃል የአማቴን ትከሻ ይስማሉ፤ «መምህር፣ እርስዎ ባይኖሩ አልቀን ነበር! ዕድሜ ይስጥዎት!» ሌላውም ጎረቤት እየመጣ እጃቸውን ይጨብጣል። አማቴ ፊታቸው ጥላሸት ለብሷል፣ ትንፋሽ አጥሯቸዋል፣ ዓይናቸው ግን ያበራል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ሰው ቀለል ሲልላቸው ወደ እትዬ መጡ። ሽርጡን ገለጥ አድርገው ሚዜን አዩ። አልዋሽም፣ ሆዳቸው ራርቶ ነበር፤ የእትዬን ራስ ዳበስ አደረጉት።

«አየሽ?» አሏት። «ልምምዱ ገብቷት ነበር። ብቻዋን እስከ በሩ ድረስ መጣች እኮ። ጎበዝ ድመት ነበረች።»

እትዬ ቀና ብላ አየቻቸው። አንገቷ ላይ ያለው ደም ደርቋል።

«ስትጭር ሰምተዋታል እንዴ፣ አባባ?»

አማቴ ጥያቄው ቅር አላቸው። በጎረቤት ፊት እንደ ሽማግሌ የተቆጠሩ መሰላቸውና ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እንዴት አልሰማም?» አሏት። «ጆሮዬ ገና ደህና ነው።»