አስር ሰው እስኪሞላ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ደሴ ላይ ካፊያ ይጥላል። እግራቸውን ሚስማር የወጋቸው የገራዶው ገበሬ ሼህ ኑርሁሴን ሆጤ ሰፈር ካለው የግል ክሊኒክ አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለአስር ሰው ነው፤ ተከፍቶ በዕለቱ ካላለቀ ይደፋል። ስለዚህ ባለቤቱ ዶክተር ደምመላሽ አስር ሰው ሳይሞላ እንዳይከፈት አዘዋል።

«ስንት ሰው ሞላ፣ ልጄ?» አሉ ሼሁ።

«እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አባቴ» አለች ነርሷ ጣይባ፣ በኀፍረት አቀርቅራ።

«ወላሂ፣ የኮምቦልቻ ታክሲ እንኳ በአምስት ሰው ይነሳል!»

የጣይባ ደም ፈላ። ብልቃጡን ከማቀዝቀዣው አውጥታ መርፌውን ሞላች።

«የዘጠኙን ማን ሊከፍለኝ ነው?» ሲሉ ዶክተሩ ከቢሯቸው ብቅ ብለው ጮኹ።

«ሚስማሩ አስር እግር እስኪሞላለት አልጠበቀም!» አለችና ሼሁን ከተበቻቸው።

ማታ የዘጠኝ ሰው ክትባት ተደፋ።