ከጥቁሩ በኋላ

የጉዎ ደሊን ዓይን አውጣነት ወሰን የለውም። የዋንቺንግን የቪዲዮ ካሴት ሰርቆ የራሱ ሥራ ነው ማለቱ ሳያንሰው፣ በኤግዚቢሽኑ ቀን ማጫወቻውን የምትጠብቅለትም እሷው እንድትሆን ጠየቃት። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይሄ ነው። እሷ ግን እሺ አለችው።

ጊዜው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መግቢያ ነው። በቻይናዋ ሃንግዦ ከተማ ቪዲዮን ጥበብ ብለው የያዙት ወጣቶች አንድ ክፍል አይሞሉም፤ ካሜራውም ቴሌቪዥኑም በውሰት ነው። ዋንቺንግ በተዋሰችው ካሜራ የቀረጸችው የእናቷን እጆች ነበር። ሐር ፋብሪካ ውስጥ ያረጁት እነዚያ እጆች የሥራ ጃኬት ቁልፍ ይቆልፋሉ፣ ይፈታሉ፣ ደግሞ ይቆልፋሉ፤ ክሩ ተበጥሶ ቁልፉ እስኪወድቅ። ከዚያ ምስሉ ይጠቁራል።

እናቷ በዓመቱ ሞተች። ደሊን «ለጓደኞቼ ላሳያቸው» ብሎ የወሰደው ካሴት በዚያው ቀረ። ይኸው ዛሬ ግድግዳው ላይ «የእናቴ እጆች፣ በጉዎ ደሊን» ተብሎ ተለጥፏል። ሥራዋን ብቻ ቢሰርቅ ምናልባት ታልፈው ነበር። እናቷን ግን እንዴት ትለፍለት? ብትናገርስ ማን ያምናታል?

ኤግዚቢሽኑ የሚታይበት ምድር ቤት በእንግዳ ተጨናንቋል። ከቤጂንግ የመጡ አሉ፣ ለውጭ አገር ኤግዚቢሽን ሥራ የሚመርጡ ፈረንጆችም አሉ።

«ሲጠቁር ቶሎ ወደኋላ አጠንጥኚው» አላት ደሊን። «ጥቁር ነገር ላይ የሚያፈጥ የለም።»

«እሺ አለቃዬ።»

እሱ ከጥቁሩ አልፎ አይቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ቀረጻው ሲያልቅ ዋንቺንግ የካሜራውን ዓይን ከደነችው እንጂ አላጠፋችውም ነበር። ይሄን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ቁልፉ ወደቀ፤ ምስሉ ጠቆረ። ዋንቺንግ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«ዋንቺንግ፣ በቃሽ እንግዲህ!» አለ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ የደሊን ድምፅ። «አሮጊት ቁልፍ ስትቆልፍ ቁጭ ብሎ የሚያይ ምን ዓይነት ጅል ነው? ተነሺ፣ ራበኝ።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ቀጥሎ በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ከዚያ ያረጀ የሴት ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ አጠፋሽው? ይሄ ደሊን የምትዪው ልጅ ሥራ የለውም እንዴ? ሁልጊዜ በምግብ ሰዓት ነው የሚመጣው።»

ደሊን ፊቱ በርበሬ መስሎ ሰዉን እየገፈተረ መጣ። «አጥፊው! አጥፊው እኮ ነው የምልሽ!»

የእናቷን ድምፅ ስትሰማ እንባዋ መጥቶ ነበር፤ እሱን ስታይ ግን አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ማጫወቻውን በጀርባዋ ከለለችው።

«ምን አስቸኮለህ?» አለችው፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እናትህ አይደለችም እንዴ? አስጨርሳት እንጂ።»