አውቶቡሱን ያላስነሳው ሾፌር

ሾፌሩ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚነዳው ቢያጣ ቤቱን መንዳት ጀመረ። ሚስቱን "በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊ"፣ ጎረቤቱን "መኪናህን ጠማማ አቁመሃል" እያለ ሰዉን ሁሉ መግቢያ መውጫ አሳጣው። አንድ ቀን ጠዋት ሚስቱ ምርር ሲላት ክንዱን ይዛ የልጃቸው ክፍል አስገባችው።

"እንኪ፣ ለአባትሽ ሥራ ፈልጊለት!" ብላ በሩን ዘጋችባቸው።

ልጅየዋ፣ ከቅጥነቷ የተነሳ አባቷ "ስንጥር" የሚላት፣ የኮምፒውተር ጌም ትሠራለች። ሁለት ዓመት የለፋችበት ጌም በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ነው። ሥዕሉ እንደ ድሮዎቹ ጌሞች ከትንንሽ ካሬ ነጥቦች የተገጣጠመ ነው። አንድ አውቶቡስ በደመና ላይ ወደ ባሕር ይጓዛል፤ ተሳፋሪዎቹ ጃንጥላ የያዘ ዓሣ፣ የረፈደበት የግድግዳ ሰዓትና ቤቱ የጠፋበት በር ናቸው።

"አባዬ፣ ይቺን ስትጫን ይሄዳል፣ ይቺን ስትጫን ይቆማል።"

"መንዳት ልታስተምሪኝ ነው?" አለና ጀርባውን አቃንቶ ተቀመጠ። ገና ከመጀመሩ ዓሣውን "ጃንጥላህን እጠፍ፣ የሰው ዓይን ታወጣለህ!" ብሎ ተቆጣው።

ስንጥር ልብስ አስጥታ ስትመለስ አውቶቡሱ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ በሩን ከፍቶ ቆሟል።

"ተበላሸ እንዴ?"

"ሴትዮዋ እየሮጠች ነው፣ አታይም?"

እውነትም ከስክሪኑ ጥግ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ትልቅ ቦርሳ አንጠልጥላ ትሮጣለች። ስንጥር ባዶ ቦታ ለመሙላት የሳለቻት ናት፤ እግሯ ይነሳል እንጂ ፈቀቅ አትልም።

"አባዬ፣ እሷ እኮ ጌጥ ናት። ዕድሜ ልኳን ብትሮጥ አትደርስም።"

"ታዲያ እያየኋት ጥያት ልሂድ?"

ለምሳ ቢጠራም ንቅንቅ አላለም። ስንጥር መጀመሪያ በሳቅ ፈነዳች፤ ቆይታ ግን የአባቷን ፊት ስታይ ሳቋ ጠፋ። ከልቡ ነበር የሚጠብቀው። እሷም ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

"እሺ፣ ትድረስ እንበል። ስትሳፈር ምን ትበል? አመሰግናለሁ?"

አባትየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ቆሜ የጠበቅኳቸው ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፤ 'ምነው ዛሬ ዘገየህ!' ይልቅ ቦርሳዋ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?"

ስንጥር ስክሪኑ ላይ ያለውን ቦርሳ አፍጥጣ አየችው። የጌሙ መጨረሻ ስድስት ወር አላስተኛትም ነበር፤ አውቶቡሱ ባሕር ዳርቻ ይደርሳል፣ በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

"ባሕሩ ነው" አለች በመጨረሻ። "ባሕሩን ይዛ ነው የምትሮጠው። ጥለዋት ከሄዱ የሚደርሱት ደረቅ አሸዋ ላይ ነው።"

አራት ቀን ሙሉ አባትና ልጅ ጌሙን እያስተካከሉ ሴትዮዋን አስሮጧት። አሁን ፌርማታው ላይ ሦስት ደቂቃ ቆሞ የጠበቀ ሰው ያሳፍራታል።

ጌሙ የከተማው አዳራሽ ውስጥ ለዕይታ ሲቀርብ ሰዉ ሁሉ ነድቶ ሄደና አሸዋ ላይ ቀረ። አንዲት አስተማሪ ግን ስልክ ተደውሎላት አውቶቡሱን ሦስተኛው ፌርማታ ላይ እንዳቆመች ረሳችው። ድንገት "ኧረ መጣች!" ብላ ስትጮህ አዳራሹ ግልብጥ ብሎ ከበባት። ዳርቻው ላይ ሲደርሱ ቦርሳው ተከፍቶ ሰማያዊ ነጥቦች ስክሪኑን ሲሞሉት ጭብጨባው ቀለጠ። ሾፌሩ ደረቱን ነፍቶ ራሱ የነዳው ይመስል እጅ ነሳ።

ቀጥሎ ሚስቱ ተቀመጠች። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ "ጠብቂያት" ቢላት የመሄጃውን ቁልፍ ተጭና ሄደች።

"ምነው አንቺ!"

"አንተን ስጠብቅ ስንት ምሳ ቀዝቅዞብኛል! ዛሬስ ማንንም አልጠብቅም።"

ሰልፉ በሳቅ ተንጫጫ። እሷ ግን አሸዋው ላይ ስትደርስ ግራ ቀኝ አየችና ቅር አላት። ከመጀመሪያው ጀመረች። አሁን ጠበቀች፤ እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። ሴትዮዋ እያለከለከች ተሳፍራ "ምነው ዛሬ ዘገየህ!" ስትል፣ "ልክ ብለሻል እቴ፣ አመሉ ነው!" አለቻት። ከዚያ ሁለቱም ባሕሩን እያዩ ቁጭ አሉ፤ ከኋላ የተሰለፉት "እማማ፣ ተራ አለ እኮ!" ብለው እስኪያስነሷቸው ድረስ።