የሳር ክዳን

ያቺን ፊቷ ቢጫ፣ አናቷ ቀይ የሆነች ሚጢጢ ወፍ እኛ ተራራ ላይ «የሰው ወዳጅ» ነው የምንላት። ላም ስትነዱ ከኋላችሁ እየዘለለች፣ ኮቴ ያስነሳውን ትንኝ ትለቅማለች። ሰው የሚባል አትፈራም። እኔን ጉድ የሠራኝም ይኸው ነው፤ ስላልሸሸች የፈቀደችልኝ መሰለኝ።

ሥራዬ ከዋና ከተማችን ከሳን ሆሴ ወደ ብርዳማው ተራራችን የሚወጡ እንግዶችን ወፍ ማሳየት ነው። የዚህችን ጎጆ ያገኙት ግን አጎቴ ኤቬሊዮ ናቸው፤ ላሞቻቸውን በሚነዱበት መንገድ ዳር፣ በሳር ተከድኖ።

«ዮርሌኒ፣ በዓይንሽ ብቻ! እጅሽ እንደሁ አያርፍም» አሉኝ።

«ምነው አጎቴ፣ ሕፃን አደረጉኝ እኮ!»

ሐሙስ ዕለት ሁለት እንግዶች ጫጩቶቹን ፎቶ ማንሳት ፈለጉ። ክዳኑ ከለላቸው። እኔም ጉራዬ መጣና ሳሩን ገልጬ ወደ ኋላ አጠፍኩት። እናትየው አጠገባችን ትል በአፏ ይዛ ታየን ነበር። እንግዶቹ ሲያደንቁኝ ደስ አለኝ። ወዲያው ከጫካው ሌላ ወፍ ጮኸና ሁላችንም ወደዚያ ሮጥን። ክዳኑን መመለስ ረሳሁ። ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ።

በማግስቱ ጠዋት አጎቴ ያንን ዳገት በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ወጥተው ቤቴ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በር ላይ ቆሙ።

«ይግቡ እንጂ አጎቴ፣ ትኩስ የሸንኮራ ውሃ አለ።»

«የለም፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ጫጩቶቹ ሞተዋል፣ ሦስቱም። ያቺ ሆዳም ላሜ ፒንታ ናት፣ ክዳኑን ግጣባቸው ዝናብ ገደላቸው። ኮቴዋ እዚያው አለ። ምን አፍ አለኝ!»

እኔ ነኝ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ፈራሁ። እንዲህ ፈሪ መሆኔን እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር።

«ከብት አይደለች፣ ምን ታውቃለች» አልኩ።

«ከዛሬ ጀምሮ በላይኛው መንገድ ነው የምነዳቸው።»

«በዚህ ጉልበትዎ? እጥፍ ይርቃል እኮ!»

«ይበለኝ! እነዚያንም እንግዶች በኔ ስም ይቅርታ ጠይቂልኝ።»

«እሺ» አልኩ።

አጎቴ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እኔ እኮ ትቆጣኛለች ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስጨነቅ ነው ያደርኩት። ደግ ልጅ ነሽ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ጎንበስ ብዬ ተሳምኩ።