የረጠበው ፕላስተር

የፕላስተሩ አንድ ጠርዝ መነሳቱን ያየሁት አመሻሽ ላይ የሳሌምን ቀሚስ ሳወልቅ ነው። ከሥሩ ያለው ፋሻ ርሷል። ፕላስተሩ የሸፈነው፣ ናይሮቢ ለካንሰሩ ሕክምና ደረቷ ላይ የተከሉላትን ቀጭን ቱቦ ነው። ሐኪሞቹ ሲሸኙን፣ "በዚህ በኩል ጀርም ከገባ ደሟን ይመርዘዋል፤ ውሃ እንዳይነካው" ብለው አስጠንቅቀውኝ ነበር።

"ልጄን ማን ነው ያጠባት?" ብዬ ጮህኩ።

የባሌ ታላቅ እህት ሮማነወርቅ ከጓዳ ብቅ አለች። ከአዲስ አበባ ጁባ ድረስ ስትመጣ ከልብሷ ይልቅ የጸበል ጀሪካኗ ይበዛ ነበር።

"ማንም አላጠባት። ጠዋት ትንሽ ጸበል ረጨኋት እንጂ።"

"የቷ ላይ?"

"የታከመችው የቷ ላይ ነው? ደረቷ ላይ ነዋ! ምነው ማንያህልሻል፣ ጸበል ሰው ይገድላል እንዴ?"

 ቴርሞሜትሩን ሳሌም ብብት ሥር አስገባሁ። ሠላሳ ስምንትን አልፏል። በልቤ ለቅሶ ተቀምጬ ነበር።

"ከፈለ! መኪናውን አስነሳ!" አልኩት ባሌን።

ካቶር ሰፈር ባለው ክሊኒክ የተቀበለችን ነርስ ማናህሎሽ የአገራችን ልጅ ናት። ጓንት አጥልቃ፣ የቱቦውን አፍ በአልኮል ደጋግማ ፈትጋ ደም ቀዳች። ውጤት ሳትጠብቅ ጀርም የሚገድለውን መድኃኒት በመርፌ ጀመረችላት፤ ፕላስተሩንም ቀየረችው።

"ደሙ ናይሮቢ ይላካል። ጀርም ካለበት እዚያ ይበቅላል" አለችኝ።

"ከበቀለስ?"

"መጀመሪያ እንወቅ እስቲ።"

ሮማነወርቅ በሩ ሥር ቆማ ታለቅሳለች። ማናህሎሽ ዞር ብላ አየቻት።

"እትዬ፣ እኔም ጸበል አምናለሁ። ግን ግንባሯን ነካ ማድረግ ይበቃል። እግዜር እንደኛ ቱቦ ፍለጋ አይቸገርም።"

ሳሌም ሳቀች። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

ትኩሳቱ በማግስቱ በረደ፤ እኔ ግን አላመንኩትም። መርፌዋን ልናስወጋ ክሊኒኩ በተመላለስን ቁጥር፣ ተደብቆ ነው እንጂ አልለቀቃትም እላለሁ። ሙኑኪ ሰፈር ያለችው ምግብ ቤታችን ውስጥም ሽሮ እያሳረርኩ ደንበኛ አስቀየምኩ።

ስልኩ የተደወለው ደንበኞች ምሳ ላይ ሳሉ ነው። የማናህሎሽን ስም ሳይ ስልኩን ለሮማነወርቅ አቀበልኳት።

"አቤት... አቤት የኔ እመቤት... ምንም? ጭራሽ ምንም አልበቀለም?"

እልልታዋን አቀለጠችው። ከደንበኞቻችን አብዛኞቹ የጁባ ሰዎች ናቸው፤ ነገሩን ሳያውቁ በዐረብኛ "መብሩክ! መብሩክ!" ብለው እንኳን ደስ አላችሁ እያሉ አጨበጨቡ።

"አክስቴ፣ ማን ነው የሚያገባው?" አለች ሳሌም።

እኔና ሮማነወርቅ ተቃቅፈን እናለቅስ ነበር።

ማታ ከፈለ የቤታችንን ቁልፍ ይዞ በሩ ዘንድ ቆመ። ድንገት ብንሮጥ ቁልፍ ፍለጋ እንዳያዘገየን ብዬ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ አላስቆልፈውም ነበር።

"ዛሬም በወንበር አስደግፌው ልተኛ?" አለኝ።

የሳሌምን ግንባር ዳሰስኩ። ቀዝቅዟል። አንገቷንም ዳሰስኩ።

"ቆልፈው" አልኩት።

ቆለፈው።