የአንዲት ክፍል መሠረት

አባቷ መሐንዲስ ነበሩ፤ ጡረታ የወጣው ግን እጃቸው እንጂ ምላሳቸው አይደለም። እሷም መሐንዲስ ናት፤ ሞያውንም ግትርነቱንም ከሳቸው ነው የወረሰችው።

ባለፈው ወር መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧቸው ከወደቁ ወዲህ ልቧ አላርፍ ብሏታል። "አባዬ፣ በቃ እኔ ጋ ግባ" ብትላቸው፣ "በገዛ ቤቴ ወድቄ በገዛ እጄ ተነሳሁ፤ ምን አገባሽ!" አሉ። ለመነች፣ ተቆጣች፣ አኮረፈች። ወይ ፍንክች!

ከዚያ ሳትነግራቸው፣ ከቤቷ ጋር ለምትቀጠል አንዲት ክፍል ንድፍ ጀመረች። ቤቷ ተዳፋት ላይ ስለሆነ፣ ክፍሏ ከሳሎኑ ወለል እኩል እንድትሆን ከታች በኮለን፣ ፉቲንግ በሚሉት የአርማታ መሠረት ላይ በሚያርፍ ምሰሶ፣ መቆም አለባት፤ ለሳቸው ጉልበት ደረጃ የሚባል ነገር አይሆንማ። ቅዳሜ ከሰዓት ወረቀቱን ይዛ ሄደች።

"እስቲ ፉቲንጉን እይልኝ።"

"የማን ክፍል ናት?"

"የእንግዳ" አለች፣ ዓይናቸውን ሳታይ።

መነጽራቸውን አጠለቁ። "የፉቲንጉ ውፍረት ሠላሳ አምስት ሳንቲም? ኮለኑ በስቶት ሊወርድ ነው እንዴ?"

"ኧረ አይበሳውም! ሸሩን፣ ቆርጦ የሚበሳውን ኃይል፣ በሁሉም በኩል አስልቼዋለሁ።"

"ስታሰዪ ውፍረቱን ከየት ለካሽው?"

"ከፌሮው ነዋ! ከሥሩ ያለውን የአርማታ ሽፋን ቀንሼ።" ተናደደች። ይሄንን እኮ ገና ተማሪ ሳለች እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያስተማሯት።

"ጎሽ። አርማታ ሲታጠፍ ቀድሞ ይሰነጠቃል፣ ያስጠነቅቅሻል። ሸር ግን ዱብ ዕዳ ነው።" ከዚያ ላጲስ አንስተው ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የክፍሏን ጭነት ሙልጭ አድርገው አጠፉት።

"እንዴ አባዬ! ምን አጠፋሁ?"

"ጭነቱን አሳንሰሻላ። የመኝታ ቤት ነው የወሰድሽው።"

"መኝታ ቤት ናታ! አልጋ፣ ወንበር፣ ሌላ ምን አለ?"

አባቷ ብድግ አሉና ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ የጠቀጠቁበትን መደርደሪያ በጡጫ ደበደቡት። "እነዚህንስ የት ላደርጋቸው ነው? ጭንቅላቴ ላይ?"

ነገሩ ሲገባት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"በይ በይ፣ ወረቀቱን አታበላሺው" አሉ። "ያልታሰበ ክብደት አምጥቼ ቤትሽን ልንደው ነው? አስዪው እንደገና!"

አፍንጫዋን በእጇ ጠረግ አድርጋ ካልኩሌተሩን ሳበች። በመጻሕፍቱ ጭነት ሸሩን ብታየው የመጀመሪያው ውፍረት አልበቃም፤ አርባ ላይም ለትንሽ ወደቀ፤ አርባ አምስት ላይ ተንደላቅቆ አለፈ።

"አርባ አምስት" አለች።

"አርባ አምስት ይሁን" አሉ አባቷ።

ስንት ዓመት በሞያው ስትኖር፣ እንዲህ ደስ ብሏት ኮንክሪት ጨምራ አታውቅም።